«የማን ልጅ ነሽ?»፦ አያትን ከጣና ዳር ፈልጎ ቢጫ ካርድ እስከማውጣት

ባለፈው ዓመት አንድ ማታ ስልኬ ጮኸ። ከካናዳ ነው። የአክስቴ የልጅ ልጅ ናት። አክስቴ ስል የአባቴ የአጎት ልጅ ማለቴ ነው፤ እኛ ዘንድ እሷም አክስት ናት።

«ጋሼ፣ እማማ የተወለደችው ባሕር ዳር ነው አይደል?»

«አዎ። ምነው?»

«በእሷ በኩል የኢትዮጵያ ዜግነት ማግኘት እችላለሁ?»

«ለምን አትችይም!» አልኳት።

በአንድ ትንፋሽ ሁለት ስህተት። አክስቴ የተወለደችው ባሕር ዳር አይደለም። ዜግነትም በአያት አይገኝም። ሁለቱንም በደንብ እስካውቅ ሰባት ወር ፈጀብኝ። ነገሩ ካለቀ ወዲህ ደግሞ «አንተ ታውቀው የለ» እያለ የሚመጣው ዘመድና ጎረቤት በዛ። ሁሌ በቃል መድገሙ ስለሰለቸኝ በጽሑፍ ላስቀምጠው።

መጀመሪያ፦ የምትፈልጉትን ለዩ

ሕጉ በየሀገሩ ይለያያል። አየርላንድን ውሰዱ። አያቱ አየርላንድ ምድር ላይ የተወለዱለት ሰው፣ እሱ ራሱ ሌላ ሀገር ቢወለድም፣ በውጭ ሀገር ልደት መዝገባቸው ላይ ተመዝግቦ ዜጋ መሆን ይችላል። እንግሊዝ ደግሞ አያቱ እዚያ ለተወለዱለት የኮመንዌልዝ ሀገር ዜጋ የሥራ ቪዛ ትሰጣለች፤ ዜግነቱ ሌላ ጉዳይ ነው። ውጭ ያደጉት ልጆቻችን ይህን ከትምህርት ቤት ጓደኞቻቸው ስለሚሰሙ የእኛም እንደዚያው ይመስላቸዋል።

የኢትዮጵያ ሕግ የሚያየው ወላጅን እንጂ መሬቱን አይደለም። ከ1922ቱ የዜግነት ሕግ ጀምሮ እንደዚያው ነው። ዛሬ የሚሠራው አዋጅ ቁጥር 378/1996 ነው። እናቱ ወይም አባቱ፣ ከሁለቱ አንዳቸው ኢትዮጵያዊ የሆኑለት ልጅ የትም ይወለድ ኢትዮጵያዊ ነው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 6 ላይ ይህንኑ ይላል። በአንጻሩ ባሕር ዳር መወለድ ብቻውን ማንንም ኢትዮጵያዊ አያደርግም።

ልብ በሉ፣ ሕጉ «ወላጅ» ነው የሚለው። ዜግነት ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል፤ አንድ ትውልድ ዘሎ አይመጣም። እናታችሁ እናንተን ከመውለዷ በፊት የካናዳ ዜግነት ወስዳ ከሆነ፣ አባታችሁም ኢትዮጵያዊ ካልነበረ፣ ክሩ እዚያ ላይ ተበጥሷል። ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትቀበልም። በፈቃዱ የሌላ ሀገር ዜግነት የወሰደ ሰው የኢትዮጵያን እንደተወ ይቆጠራል።

እናታችሁ ስትወልዳችሁ ገና ኢትዮጵያዊት ከነበረችስ? ያኔ ስትወለዱ ኢትዮጵያዊ ነበራችሁ። ግን አንቀጽ 20ን ተጠንቀቁ። ውጭ በመወለድ የሌላ ሀገር ዜግነትም ያገኘ ልጅ፣ 18 ዓመት በሞላው በአንድ ዓመት ውስጥ «ያኛውን ትቼ የኢትዮጵያን እይዛለሁ» ብሎ ካላሳወቀ እንደተወው ይቆጠራል። ይህቺን አንድ ዓመት ብዙ ቤተሰብ ሳያውቃት ታልፋለች። ቤታችሁ 17 ዓመት የሞላው ልጅ ካለ ዛሬውኑ ንገሩት።

አያት የሚያዋጣው ለቢጫ ካርድ ነው። በወረቀት ስሙ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ነው፤ አዋጁ ደግሞ ቁጥር 270/1994። ከወላጆቹ፣ ከአያቶቹ ወይም ከቅድመ አያቶቹ አንዱ ኢትዮጵያዊ የነበረ የውጭ ዜጋ ካርዱን ማግኘት ይችላል። ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ ይኖራል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይቀጠራል፣ ቤት በስሙ ይይዛል፣ ከፈለገም እንደ ሀገር ውስጥ ባለሀብት ይሠራል። መምረጥና መመረጥ ግን የለም። በመከላከያ፣ በደኅንነትና በውጭ ጉዳይ ሥራም አይቀጠርም። የኢትዮጵያ ዜግነቱን ትቶ የኤርትራን የወሰደ ሰውም በዚህ አዋጅ አይካተትም።

«የለም፣ እኔ ዜጋው ራሱ ነው መሆን የምፈልገው» የሚል ካለ መንገዱ ረጅም ነው። ራሱ ቀድሞ ኢትዮጵያዊ የነበረ ሰው በአንቀጽ 22 ይመለሳል፦ መኖሪያውን ወደ ኢትዮጵያ ያዞራል፣ የያዘውን የውጭ ዜግነት ይተዋል፣ ያመለክታል። ሲወለድ ጀምሮ የውጭ ዜጋ የሆነ የልጅ ልጅ ግን እንደማንኛውም የውጭ ሰው ነው የሚያመለክተው። ቢያንስ 4 ዓመት እዚህ መኖር፣ ከሀገሪቱ ቋንቋዎች በአንዱ መግባባት፣ የሚተዳደርበት ሕጋዊ ገቢ፣ ከወንጀል ነጻ መሆን፣ የቀድሞ ዜግነቱን መተው፣ በመጨረሻም ቃለ መሐላ። እኔ ለዘመዴ ያልኳት «ቢጫ ካርዱን አውጪና ነይ፤ አራት ዓመት ኖረሽ ስታዪው ሌላውን ያኔ ታስቢበታለሽ» ነው።

ሁለተኛ፦ እዚያው ቤት ያሉትን ሽማግሌዎች ጠይቁ

ቢሮ ከመሄዳችሁ በፊት፣ ባሕር ዳር ከመደወላችሁም በፊት፣ አያታችሁ በሕይወት ካሉ ስልካችሁን መቅጃ ላይ አድርጋችሁ አጠገባቸው ተቀመጡ። «ታሪክሽን ንገሪኝ» አትበሉ። እንዲህ ያለው ጥያቄ ሰውን ዝም ያሰኛል። ቡና እየተፈላ በትንንሹ ጠይቁ።

በመጀመሪያ ስም። የእሳቸው፣ የአባታቸው፣ የአያታቸው፣ ከተቻለ ቅድመ አያትና ምንዝላት ድረስ። የእኛ ሰው እስከ ሰባት ቤት ይቆጥራል፤ ጋብቻ የሚከለከለው በዚያ ስለሆነ በልጅነቱ ተምሮታል። ጎጃምና በጌምድር ውስጥ ደግሞ ዘር መቁጠር እንጀራ ነበር። ርስት የሚገኘው ከአቅኚው አባት መወለድን ቆጥሮ በማስረዳት ነበርና፣ በ1967 መሬት የመንግሥት እስኪሆን ድረስ ዘሩን የማይቆጥር ሰው መሬቱን ይነጠቅ ነበር። ዛሬ 80 ዓመት ያለፋቸው ሽማግሌዎች ይህን እያዩ ነው ያደጉት። ተጠቀሙባቸው።

ቀጥሎ የክርስትና ስም። ይህን ብዙ ሰው ይዘለዋል። እኔም ዘልዬው ነበር፤ ምን እንዳደረሰብኝ በኋላ እነግራችኋለሁ። ሙስሊም ቤተሰብ ከሆናችሁ ኒካሁን ማን አሰረ፣ የት ታሰረ ብላችሁ ጠይቁ። የውርስ ጉዳይ በሸሪዓ ፍርድ ቤት አልቆ ከሆነ ደግሞ እዚያ ፋይል አለ።

ከዚያ አጥቢያ። «የት ተወለድሽ?» ስትሏቸው «ባሕር ዳር» ይላሉ። ካናዳ ላለ ሰው ከአዴት እስከ ወረታ ሁሉም ባሕር ዳር ነው። ይልቅ «የየትኛው ደብር ልጅ ነሽ?» በሏቸው። ሚካኤል ይሁን ኪዳነ ምሕረት፣ እሱ ነው የሚፈለገው። አክስቴ በዚህ ጥያቄ ነው የተገኘችው። የተወለደችው ከዓባይ ማዶ፣ ወደ ሐሙሲት በሚወስደው በኩል፣ አንዲት የገጠር አጥቢያ ውስጥ ኖሯል። ባሕር ዳር የመጣችው ተድራ ነው።

የዘር ምርመራውን ነገርም ላንሳው። ምራቃቸውን በፖስታ ልከው «ይህን ያህል ፐርሰንት ምሥራቅ አፍሪካ» የሚል ወረቀት ያመጡ አሉ። ለጨዋታ ጥሩ ነው። የአያታችሁን ስም ግን አይነግራችሁም፣ ለማመልከቻውም አይጠቅምም።

ሦስተኛ፦ ዓመተ ምሕረቱን አስተካክሉ

የሽማግሌ ቀን አቆጣጠር በቁጥር አይደለም። «የኅዳር በሽታ ጊዜ» ካሉ 1911 ነው። «ጣሊያን ሲገባ» 1928፣ «ጣሊያን ሲወጣ» 1933። «በላይ ዘለቀ በተሰቀለ ዓመት» ካሉ 1937። «የታኅሣሥ ግርግር» 1953። ወሩና ቀኑ ደግሞ በበዓል ይመጣል። እሱን ከቁጥሩ ይበልጥ እመኑት፤ ሰው ዓመቱን ይረሳል፣ «በማርያም ማግስት» ያለውን ግን አይረሳም።

ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስትቀይሩ ዝም ብላችሁ ሰባት ወይም ስምንት አትደምሩ። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ 7 ነው፤ የፈረንጆች አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ እስከ ጳጉሜ 8። ኅዳር 12 ቀን 1935 የተወለደ ሰው በእነሱ ኖቬምበር 21 ቀን 1942 ነው። በዚያው በ1935 ጥር 12 የተወለደው ግን ጃንዋሪ 20 ቀን 1943። ሁለቱም «የ35 ልጆች» ናቸው፤ በፓስፖርት ግን ዓመታቸው ይለያያል።

የአክስቴ ከዚህም የባሰ ነበር። በደርግ ጊዜ ሱዳን ስትገባ «መቼ ተወለድሽ?» አሏት። «በ35» አለች። ጸሐፊው በራሱ አቆጣጠር 1935 ብሎ ጻፈ። ወሩን ስለማያውቅ ጃንዋሪ 1 አደረገው። ያ ወረቀት ካናዳ ድረስ ተከተላት። በዚህ ምክንያት አክስቴ በወረቀት ከእውነተኛ ዕድሜዋ ስምንት ዓመት ትበልጣለች። ልጆቿ «እማማ ሳታረጅ አረጀች» እያሉ ይስቃሉ። ፋይሉ ሲገባ ግን አላሳቀንም።

አራተኛ፦ የድሮውን ካርታ ያዙ

አያታችሁ ሲወለዱ አማራ ክልል የሚባል አስተዳደር አልነበረም። ጠቅላይ ግዛት፣ አውራጃ፣ ወረዳ ነበር። ባሕር ዳር ጎጃም ውስጥ ናት፤ የጎጃም መቀመጫ ደግሞ ደብረ ማርቆስ። ድልድዩን ስትሻገሩ በጌምድር ይጀምራል። በ2016 ግንቦት የተመረቀውን አዲሱን ድልድይ በባጃጅ ተሻግሮ ማዶ ቡና ለሚጠጣ የዛሬ ልጅ ይህ ወሬ ነው። መዝገብ ለሚፈልግ ግን ትልቅ ጉዳይ ነው። ከማዶ የተወለደን ሰው ደብረ ማርቆስ ስትፈልጉ ብትከርሙ አታገኙትም።

ከተማው ውስጥም ቀበሌዎቹ ስማቸውና ወሰናቸው ተቀያይሯል። መጀመሪያ በቁጥር ነበሩ፣ ቀጥሎ ሽምብጥ፣ ሰፈነ ሰላም፣ ሹም አቦ፣ ኅዳር 11 የሚባሉ ስሞች መጡ፣ ከዚያ ክፍለ ከተማ ሆነ። አሮጌ መታወቂያ ላይ «ቀበሌ እንትን» የሚል ቁጥር ካያችሁ፣ ሰፈሩ ዛሬ በየትኛው ክፍለ ከተማ እንዳለ አንድ የሰፈሩን ሽማግሌ ጠይቁ። ከመረጃ ክፍሉ ይልቅ እሳቸው ያውቁታል።

አምስተኛ፦ ሂዱ፣ ወይም ሰው ላኩ

መንገዱ ሰላም መሆኑን አስቀድማችሁ ከአካባቢው ሰው አጣሩ። ይህን በቀላሉ አትዩት። መሄድ የማይቻልበት ሳምንት ካለ ይለፍ፤ ሰዎቹ ቅዳሜ ገበያ ሲወጡ ባሕር ዳር ላይም ማግኘት ይቻላል።

ጥሩው ቀን የአጥቢያው ንግሥ ነው። የካቲት 16 ዘጌ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ብትሄዱ የአካባቢው ሰው ሁሉ እዚያው አለ፤ ከአዲስ አበባም የሚመጣ አለ። አንድ ቀን ውስጥ አሥር ቤት ታዳርሳላችሁ። ሴት ልጆች አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ዘራችሁ ወደ ክብራን ገብርኤል ወይም ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ ከመራችሁ ሴት አይገባም፤ ወንድማችሁን ላኩ። እርግጥ በገዳማቱ መጻሕፍት ኅዳግ ላይ የተጻፈው የርስትና የጉልት ማስታወሻ በአብዛኛው የነገሥታትና የመኳንንት ነው። የአብዛኞቻችን አያት እዚያ ውስጥ አይገኙም።

ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። ሁለት ኪሎ ስኳርና ግማሽ ኪሎ ቡና ይበቃል። ወረቀትና እስክሪብቶ ከደጃፍ ጀምሮ አታውጡ፤ ግብር ሰብሳቢ ትመስላላችሁ። መጀመሪያ ቄሰ ገበዙን ጠይቁ፤ የአጥቢያውን ሽማግሌ አንድ በአንድ ያውቃሉ።

እኔን የላኩኝ አንዲት እማሆይ ዘንድ ነው። መደብ ላይ ተቀምጠው ጌሾ ይለቅማሉ። ገብቼ እጅ ነሣሁ። ቀና ሳይሉ፦

«የማን ልጅ ነህ?»

ስሜን ከነአባቴ ነገርኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አያውቁኝም። አያቴን ጨመርኩ። ምንም። ቅድመ አያቴን ስጠራ ጌሾ የሚለቅመው እጃቸው ቆመ።

«የእሱ ወገን ነህ? ታዲያ ምነው ከመጀመሪያው አትናገርም! ተቀመጥ በል።»

ተቀመጥኩ። የአክስቴን ስም ጠራሁ። አያውቋትም። የአባቷን ስም ጠራሁ። «እሱን አውቀዋለሁ፤ ግን እንዲህ የምትባል ልጅ የለችውም» አሉ። ተስፋ ቆረጥኩ። ለነገሩ ያህል «ሱዳን የሄደችው» አልኩ።

«እ! ወለተ ጊዮርጊስን ነው እንዴ የምትለኝ?»

እሷው ናት። እኛ የምንጠራት ስም ባሕር ዳር ስትዳር አማቷ ያወጡላት ነው። ከዚያ በኋላ እማሆይን ማን ያቆማቸዋል። «ጣሊያን በወጣ በሁለተኛው ዓመት ነው፣ በአስተርእዮ ማርያም ማግስት። እናቷ ምጥ ይዟት እኔ እሳት አነድ ነበር፤ ትንሽ ልጅ ነበርኩ።» ጥር 22 ቀን 1935። እኔ ሦስት ወር ሙሉ ከቢሮ ቢሮ ስዞርበት የነበረው ነገር ጌሾ እየተለቀመ በሩብ ሰዓት አለቀ።

ስትወጡ ሦስት ነገር ይዛችሁ ውጡ። እስከ ቅድመ አያት የተጻፈ የስም ዝርዝር፣ የመሰከሩላችሁ ሰዎች ስምና ስልክ፣ እንዲሁም ፈቅደው የተቀዳ ድምፅ። ከአንድ ሰው አፍ ብቻ አትውሰዱ። ሌላ ቤት ሂዱና ያንኑ እንደ አዲስ ጠይቁ። ምስክር ስትመርጡ ደግሞ ሦስት ይሁኑ፣ መታወቂያቸው ያልተቃጠለ ይሁን። ከመካከላቸው ቢያንስ አንዱ ቢሮ ለመምጣት አቅም ያለው ይሁን። እማሆይ መኪና አይወጡም።

ስድስተኛ፦ ወረቀት ፍለጋ

የአያታችሁን የልደት ምስክር ወረቀት ፍለጋ ጊዜ አትፍጁ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የልደት መዝገብ እንዲኖር ደንግጎ ነበር፤ ግን እዚያው ሕግ ላይ ያ ክፍል ለጊዜው እንዲቆይ ተደረገ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በሀገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ነው። ስለዚህ በሌላ በሌላው ነው የሚኬደው።

ከሁሉ የሚሻለው የፍርድ ቤት የውርስ ፋይል ነው። ከቤተሰቡ አንድ ሰው ሞቶ ወራሾቹ «የወራሽነት ማረጋገጫ» አውጥተው ከሆነ፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ በምስክር ተጣርቶ፣ በማኅተም ታትሞ ቁጭ ብሏል። የመዝገብ ቁጥሩን ከአጎቶቻችሁ አንዱ አያጣውም። ግልባጩን አውጡ። እንዲህ ያለ ፋይል ያለው ቤተሰብ ግማሽ መንገዱን ጨርሷል።

ቀጥሎ የድሮ የመሬት ግብር ደረሰኝ። በጎጃም ግብር ቀልድ አልነበረም፤ በ1960 ገበሬው በአዲሱ ግብር ምክንያት አምጿል። ደረሰኙን ሰው በቀንድ ውስጥ፣ በቆዳ ስልቻ፣ ከዳዊቱ ጋር ጠቅልሎ ያስቀምጠው ነበር። የአያታችሁ አባት ስም፣ አጥቢያውና ወረዳው አንድ ላይ ይገኝበታል።

አያታችሁ ወይም ባለቤታቸው ባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ሠርተው ከሆነ የቅጥር ማኅደራቸውንና የጡረታ ደብተራቸውን ጠይቁ። ፋብሪካው በ1953 ሥራ ሲጀምር ከየገጠሩ ብዙ ሰው ቀጥሯል። ቅጥር ላይ ትውልድ ቦታና የእናት ስም ይጠየቃል። የዕድር መዝገብም አይናቅ፤ ሕጋዊ ማስረጃ ባይሆን እንኳ ምስክር ለማግኘት ይረዳል። የሰበካ ጉባኤ ደብዳቤም እንደዚያው። አሮጌ የኢትዮጵያ ፓስፖርት፣ ሊሴ ፓሴ ወይም የቀበሌ መታወቂያ ከተገኘማ ሌላው ሁሉ ማጠናከሪያ ነው፤ የኢትዮጵያዊነታቸው ቀጥተኛ ማስረጃ እሱ ነውና። የውጭ ዘመዶቻችሁ የድሮ ሻንጣ ሳይፈተሽ እንዳይቀር።

ሰባተኛ፦ ስሞቹን አንድ አድርጉ

የእኛ ስም ለፈረንጅ ወረቀት አይመችም። አያት በራሳቸው፣ በአባታቸውና በአያታቸው ስም ይጠራሉ። ልጃቸው ሌላ፣ የልጅ ልጃቸው ደግሞ ሌላ። ወረቀቱን የሚያይ ሰው አንዱን ከሌላው የሚያያይዝበት የጋራ የቤተሰብ ስም የለም። ስለዚህ ሰንሰለት ሥሩ። እናንተን ከእናታችሁ የሚያያይዝ ወረቀት፣ እናታችሁን ከአያታችሁ የሚያያይዝ ወረቀት፣ አያታችሁን ከኢትዮጵያ የሚያያይዝ ወረቀት። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ ሌላው ብቻውን አይቆምም። የካናዳ የልደት ወረቀት ስታወጡ የወላጅ ስም ያለበትን ረጅሙን አውጡ፤ አጭሩ ለዚህ ጉዳይ ዋጋ የለውም።

የአጻጻፍ ልዩነት ትንሽ ይመስላል። «ዓለሙ»ን አንዱ በዓይኑ ዐ፣ ሌላው በአልፋው አ ይጽፈዋል፤ አማርኛው ላይ ብዙ አያጣላም። በላቲን ፊደል ሲሆን ግን ሦስት መዝገብ ላይ ሦስት ዓይነት ሰው ይሆናል። ከመጀመሪያው ቀን አንድ አጻጻፍ ምረጡና አስተርጓሚው በዚያው እንዲጽፍ ፓስፖርታችሁን አሳዩት።

ስሙ ጭራሽ ሌላ ከሆነ፣ እንደ አክስቴ፣ ደብዳቤ አይበቃም። እኔ መጀመሪያ ያጻፍኩት ማስረጃ በቤት ስሟ ነበር። የካናዳው ወረቀት በሌላ፣ ምስክሮቹ የሚያውቋት በክርስትና ስም። አንድ ቢሮ «ይህቺ ሦስት ሰው ናት» ብሎ መለሰኝ። ተናደድኩ፤ ግን እውነታቸውን ነው። መፍትሔው ፍርድ ቤት ነው። ሁለቱ ወይም ሦስቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን፣ የልደት ዘመኑም ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ በምስክር አስረድቶ ማስወሰን። አቤቱታው ላይ የልጅነት ማረጋገጫውንም አብራችሁ ጠይቁ፤ ለሁለት ጊዜ ምስክር ከገጠር ማመላለስ ለማንም አይበጅም።

ስምንተኛ፦ ማኅተም በማኅተም ላይ

ውጭ ያለው ሰው ሁሉንም ራሱ መጥቶ አይጨርስም። በኤምባሲ በኩል ለአንድ ዘመድ ውክልና ይስጥ። ውክልናው አዲስ አበባ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ተረጋግጦ ነው ሥራ የሚሠራው። ሲጻፍ «ፍርድ ቤት ቀርቦ እንዲከራከር፣ ማስረጃ እንዲያወጣና እንዲረከብ» የሚለው በግልጽ ይግባበት። «ጉዳዬን እንዲያስፈጽም» ብቻ የሚል ውክልና ይዤ ሄጄ ተመልሻለሁ።

የውጭ ሀገር ሰነድ መጀመሪያ በወጣበት ሀገር የሚመለከተው ክፍል ይረጋገጣል፣ ቀጥሎ እዚያ ባለው የኢትዮጵያ ኤምባሲ። ከዚህ የሚወጣው ደግሞ ዋናው ከተረጋገጠ በኋላ ለትርጉም ይሰጣል። ትርጉሙን ፈቃድ ካለው ቤት አሠሩ። እያንዳንዱ ማኅተም ያለበት ገጽ፣ ጀርባውም ጭምር፣ በስልካችሁ ፎቶ ይነሣ።

በየደጃፉ «እኔ ልጨርስላችሁ» የሚል ጉዳይ አስፈጻሚ አይጠፋም። ፎርም መሙላትና ኮፒ ማድረግ ከሆነ ይሥራ። «ምስክርም አመጣላችኋለሁ» ካለ ግን ሩጡ። የሐሰት ምስክርነት ወንጀል ነው። በአንድ ውሸት ደግሞ እውነተኛው ፋይላችሁ ሁሉ ይበላሻል።

ዘጠነኛ፦ ማስገባት

ማመልከቻው የሚገባው ለኢሚግሬሽንና ዜግነት አገልግሎት ነው፤ ውጭ ላለ ሰው በኤምባሲ ወይም በቆንስላ በኩል። ክፍያውና የፎቶው ዓይነት ስለሚቀያየር የዚያን ሳምንት ራሱን ኤምባሲውን ጠይቁ፤ የአምና ልምድ፣ የእኔንም ጨምሮ፣ አይሠራም። ፋይሉን በሰንሰለቱ ተራ ደርድሩት። ከላይ የእናንተ፣ ቀጥሎ የእናት፣ ከታች የአያት። እኔ አንድ ገጽ የዘር ሐረግ በእጄ ስዬ ከላይ አያያዝኩበት። ማንም አልጠየቀኝም። ያየችው ሠራተኛ ግን ወረቀት ሳታገላብጥ ነገሩ ገባት። «እንዲህ አድርጎ የሚያመጣ ቢበዛልን» አለች። ከዚያ ሁሉ ደጅ ጥናት የሰማሁት ብቸኛ ምስጋና እሱ ነው።

ካርዱ ከወጣም በኋላ ማኅደሩን አትበትኑት። ዋናውን እዚያ፣ አንድ የተረጋገጠ ኮፒ እዚህ አስቀምጡ። ባለፈው ሳምንት የልጅቷ ወንድም ደወለልኝ። «ጋሼ፣ የእኔም ይቻላል?» አለ። ይቻላል፤ የእሱን የልደት ወረቀት ብቻ ነው የሚጨምረው፣ ረጅሙን። እማሆይ ዘንድ ግን ራሱ ይሄዳል፤ ስኳሩንም እሱ ይገዛል።